ስቶማ፦ በቅጠል ላይ የሚዘጋ፣ በሰው ሆድ ላይ የማይዘጋ «አፍ»

«ስቶማ» ከግሪክኛ የተወሰደ ቃል ሲሆን ትርጉሙም «አፍ» ማለት ነው። አማርኛም በበኩሉ የማሰሮን፣ የጉድጓድንና የጠመንጃን መውጫ «አፍ» ብሎ ስለሚጠራ ስያሜው ለአገሬው ጆሮ እንግዳ አይሆንም። ቃሉን ሁለት የሙያ መስኮች ተጋርተውታል። ለዕፅዋት ተመራማሪ ስቶማ በቅጠል ገጽ ላይ የሚገኝ፣ በዓይን የማይታይ የአየር መተላለፊያ ቀዳዳ ነው። ለቀዶ ሕክምና ባለሙያ ደግሞ የሰገራ ወይም የሽንት መውጫ በበሽታ፣ በአደጋ ወይም በተፈጥሮ እክል ምክንያት አገልግሎት መስጠት ሲሳነው በሆድ ላይ የሚከፈት ምትክ መውጫ ነው።

ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ስም ብቻ አይደለም። ሁለቱም የሕያው አካልን ውስጥ ከውጪው ዓለም ጋር ያገናኛሉ፤ በሁለቱም በኩል ውሃ ይወጣል። የሚለያዩት በመዝጊያቸው ነው። ቅጠል ስቶማውን እንደ አየሩ ጠባይና እንደ ውሃው መጠን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በሆድ ላይ የተከፈተው ስቶማ ግን የሚቆጣጠረው ጡንቻ የለውም። በመሆኑም ተፈጥሮ ለቅጠል የሰጠችውን መዝጊያ ለሰው በሕክምና መሣሪያ፣ በእንክብካቤና በመሥሪያ ቤት አሠራር መተካት ግድ ይሆናል።

የዕፅዋት ቅጠል ውሃ በማያስተላልፍ ሰም መሰል ሽፋን የተለበጠ ነው። ይህ ሽፋን ባይኖር ቅጠሉ በፀሐይ ሙቀት በአጭር ጊዜ በደረቀ ነበር። ይሁን እንጂ ሽፋኑ ውሃን እንደሚያግድ ሁሉ አየርንም ያግዳል። ተክል ደግሞ ምግቡን የሚያዘጋጀው ከአየር በሚያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በሥሩ በኩል በሚስበው ውሃና በፀሐይ ብርሃን ኃይል ነው። ብርሃን አስተፃምሮ በመባል የሚታወቀው ይህ ሂደት እንዲካሄድ አየር የሚገባበት በር ሊኖር ይገባል። ስቶማ የዚህ በር ስም ነው።

በሩ እጅግ ትንሽ ነው። አንዱ ስቶማ ከነጠባቂ ሕዋሳቱ ርዝመቱ እንደየተክሉ ዓይነት ከ10 እስከ 80 ማይክሮ ሜትር ይደርሳል፤ አንድ ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር የቅጠል ገጽ ላይ ከ5 እስከ 1 ሺህ የሚደርሱ ስቶማዎች ሊገኙ ይችላሉ። ሁሉም ወለል ብለው ተከፍተው ሳለ እንኳን ቀዳዳዎቹ በድምሩ የሚይዙት ቦታ ከቅጠሉ ገጽ 5 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ያም ሆኖ ተክሉ ከሚያጣው ውሃ አብዛኛው የሚወጣው በእነዚሁ ጥቂት ቦታ በሚይዙ ቀዳዳዎች በኩል ነው። በአብዛኞቹ ዛፎች ላይ ስቶማዎቹ የሚገኙት ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው የቅጠሉ የታችኛው ገጽ ሲሆን፣ እንደ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ባሉ የሣር ወገኖች ላይ በሁለቱም ገጽ ይገኛሉ። ቅጠሏ ውሃ ላይ ተንጣሎ የሚያድረው የውሃ አበባ ደግሞ ስቶማዎቿ በላይኛው ገጽ ላይ ናቸው፤ የታችኛው ገጿ ከውሃው ጋር የተጣበቀ በመሆኑ አየር የሚያገኘው በላይ በኩል ብቻ ነውና።

እያንዳንዱን ስቶማ ሁለት ጠባቂ ሕዋሳት ግራና ቀኝ ሆነው ያጅቡታል። በብዙ ተክሎች ላይ ቅርጻቸው ኩላሊት ይመስላል። በሣር ወገኖች ላይ ግን ጫፍና ጫፋቸው የወፈረ፣ መካከላቸው የቀጠነ ሲሆን፣ አጠገባቸው ካሉ ረዳት ሕዋሳት ጋር ተባብረው ስለሚሠሩ ቶሎ የመክፈትና ቶሎ የመዝጋት ችሎታ አላቸው። አከፋፈቱ የሚከተለውን መልክ ይዟል። ጠዋት የፀሐይ ብርሃን፣ በተለይም የብርሃኑ ሰማያዊ ክፍል፣ ጠባቂ ሕዋሳቱ ላይ ሲያርፍ የፖታስየም ጨው ወደ ውስጣቸው መግባት ይጀምራል። ጨው ባለበት ውሃ ይከተላል። ሕዋሳቱ በውሃ ሲወጠሩ እንደ ቀስት ጎበጥ ይላሉ፤ ወደ ቀዳዳው ያለው ግድግዳቸው ወፍራም፣ ዙሪያቸውን የጠመጠማቸው ክር ደግሞ የማይለጠጥ በመሆኑ ከመወፈር ይልቅ መጉበጥ ይቀላቸዋልና። ጫፍና ጫፋቸው የታሰረ ሁለት ረጃጅም ፊኛዎች ሲነፉ መካከላቸው እንደሚከፈት ማለት ነው። ጨውና ውሃው ተመልሶ ሲወጣ ሕዋሳቱ ይላላሉ፣ በሩም ይዘጋል። ነርቭም ሆነ ጡንቻ የሌለው ተክል በውሃ ግፊት ብቻ በር ከፍቶ መዝጋቱ በሥነ ሕይወት ዘርፍ ከታወቁት ድንቅ አሠራሮች አንዱ ነው።

የስቶማ መከፈት ለተክሉ ዋጋ ያስከፍለዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚገባበት በር ውሃ በትነት መልክ ይወጣል። እንደ ስንዴ፣ ገብስና ቡና ያሉ ተክሎች አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ለማስገባት በመቶዎች የሚቆጠሩ የውሃ ሞለኪውሎችን ያጣሉ። ተክል በሥሩ ከሚስበው ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚሁ መንገድ ወደ አየር ይመለሳል። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ዳጉሳ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አስቀድመው አከማችተው የሚጠቀሙበት የተለየ ሥርዓት ስላላቸው በሩን ጠበብ አድርገው መሥራት ይችላሉ፤ የሚያጡትም ውሃ በእጅጉ ያነሰ ነው። በለስ፣ እሬትና ቃጫ ደግሞ የባሰ ቆጣቢ ናቸው። ቀን ቀን ስቶማቸውን ዘግተው ይውሉና አየሩ በሚቀዘቅዝበት ሌሊት ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያጠራቅማሉ፤ በማግሥቱ በተዘጋ በር ምግባቸውን ያዘጋጃሉ። የበለስ ተክል በደረቅና ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ለምልሞ የመታየቱ ምስጢር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

አፈሩ መድረቅ ሲጀምር ተክሉ አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ጠባቂ ሕዋሳቱ ጋ ሲደርስ ጨውና ውሃው ወጥቶ በሩ እንዲዘጋ ያደርጋል። እዚህ ላይ ተክሉ ከጥም ይልቅ ራብን መረጠ ማለት ይቻላል። ውሃው ይቆጠባል፤ ነገር ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለማይገባ የምግብ ዝግጅቱ ይቋረጣል። ትነቱ ያቀዘቅዘው የነበረው ቅጠልም መሞቅ ይጀምራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ከመጠውለጉም በፊት ነው። ስለሆነም ከመንገድ ዳር ሲታይ ለምለም የሚመስል ማሳ፣ በተለይ በአበባና በፍሬ መሙላት ወቅት ዝናብ ተቋርጦበት ከሆነ፣ ፍሬ ማፍራቱን ካቋረጠ ቀናት ያለፉት ሊሆን ይችላል። የሰብል ግምገማ ለሚያካሂዱ የግብርናና የአደጋ መከላከል ሠራተኞች ይህ ቀላል ቁም ነገር አይደለም። የቅጠልን ሙቀት በኢንፍራሬድ ቴርሞ ሜትር መለካት የስቶማውን መዘጋት በተዘዋዋሪ መንገድ ያሳያል። ከሳተላይት በሚገኝ መረጃ የማሳን ትነት መገመትም ተችሏል፤ የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረገው «ዋፖር» የተሰኘ የመረጃ ሥርዓት የአፍሪካንና የመካከለኛው ምሥራቅን የእርሻ ውሃ አጠቃቀም በዚሁ ዘዴ የሚያሳይ ነው።

በሩ ለአየር እንደሚከፈት ሁሉ ለጠላትም መግቢያ ይሆናል። የስንዴ ዋግ ብናኝ ቅጠል ላይ አርፎ እርጥበት ሲያገኝ ይበቅልና ክር መሰል አካሉን እየዘረጋ ስቶማ ይፈልጋል። ሲያገኝም በቀዳዳው በኩል ገብቶ ከውስጥ ይመገባል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከሰተው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ በስንዴ አምራች አካባቢዎች ላይ ከፍተኛ ጉዳት ማድረሱ ይታወሳል። ከዚያ በኋላ ቢጫ ዋግን በመቋቋሙ ተመራጭ ሆኖ በስፋት የተዘራው «ዲገሉ» የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2013 በባሌ በግንድ ዋግ ተመታ። የቡና ቅጠል ዝገት በሽታም የሚገባው በቅጠሉ የታችኛው ገጽ ባሉት ስቶማዎች ነው፤ ብርቱካንማው ዱቄት ሁልጊዜ ከቅጠሉ ሥር የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ ስሪላንካ የምትባለው ሲሎን እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ በዚህ በሽታ የቡና እርሻዎቿን አጥታ ፊቷን ወደ ሻይ ልማት ማዞሯ በታሪክ ተመዝግቧል።

በቅጠል ላይ ያሉት እነዚህ ቀዳዳዎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማይክሮስኮፕ ከተፈለሰፈ በኋላ በጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊና በእንግሊዛዊው ነህምያ ግሩ ሥራዎች ውስጥ ተሥለው ቀርበዋል። በቅርቡ ዘመን ደግሞ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዉድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ጥናት ትኩረት የሳበ ነበር። ተመራማሪው በዕፅዋት ቤተ መዘክር ደርቀው የተቀመጡ የ200 ዓመታት ቅጠሎችን መርምረው በአንድ በተወሰነ የቅጠል ስፋት ላይ የሚገኙት ስቶማዎች ቁጥር በ40 በመቶ ገደማ መቀነሱን አረጋግጠዋል። በአየር ላይ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ተክሉ ብዙ በር አያስፈልገውምና።

በቀዶ ሕክምና የሚከፈተው ስቶማ ታሪክ ከዚህ የተለየ አመጣጥ አለው። ፈረንሳዊው ሐኪም አሌክሲስ ሊትር እ.ኤ.አ. በ1710 ፊንጢጣው ሳይከፈት ተወልዶ የሞተ ሕፃን አስከሬን ከመረመሩ በኋላ አንጀትን በሆድ በኩል ወደ ውጪ ማውጣት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረቡ። በሩዋን ከተማ ፒሎር የተባሉ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1776 ይህንኑ በአዋቂ በሽተኛ ላይ ሞክረው ሕመምተኛው ከ28 ቀናት በኋላ ሕይወቱ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1793 በብረስት ከተማ ዱሬ የተባሉት ሐኪም ፊንጢጣ ሳይኖረው ለተወለደ ጨቅላ ሕፃን ያደረጉት ቀዶ ሕክምና ግን የተሳካ ሆነ። ያ ሕፃን 45 ዓመት ኖሯል። ማደንዘዣም ሆነ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን የተገኘ ውጤት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በአሁኑ ወቅት በስፋት የሚሠሩት ሦስት ዓይነት ናቸው። ትልቁ አንጀት ወደ ሆድ ገጽ ሲወጣ ኮሎስቶሚ፣ የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ሲወጣ ኢሊዮስቶሚ፣ ሽንት በሆድ በኩል እንዲፈስ ሲደረግ ደግሞ ዩሮስቶሚ ይባላል። በአንገት ላይ ለመተንፈሻ የሚከፈተው ትራኪዮስቶሚና ለመመገቢያ ወደ ጨጓራ የሚከፈተው ጋስትሮስቶሚም ከዚሁ ቃል የተወለዱ ስያሜዎች ናቸው። ጤናማ የአንጀት ስቶማ እንደ ጉንጭ ውስጠኛ ክፍል ቀይና እርጥብ ነው። የሕመም ስሜት የሚያስተላልፍ ነርቭ ስለሌለው ሲነካ አያምም፤ ሲጠረግ ጥቂት ደም ቢታይበትም አስጊ አይደለም። መልኩ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥቁር ከተለወጠ ግን የደም ዝውውሩ መቋረጡን ስለሚያመለክት ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያን በሚመለከት ምክንያቶቹ የራሳቸው መልክ አላቸው። በበለፀጉት አገሮች ለስቶማ ከሚዳርጉት ዋነኞቹ የትልቁ አንጀት ካንሰርና የአንጀት ቁስለት በሽታዎች ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያ የምትገኝበት ቀጣና የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ፣ በተለምዶ «አንጀት ተቋጠረ» የሚባለው ሕመም፣ በብዛት ከሚታይባቸው አንዱ ነው። ሕመምተኛው ሆዱ ተነፍቶ፣ አየርም ሰገራም አላልፍ ብሎት ወደ ሆስፒታል ይደርሳል። የተጠማዘዘው አንጀት ደም አጥቶ ከሞተ ሐኪሙ የበሰበሰውን ክፍል ቆርጦ በማውጣት ጤናማውን ጫፍ በሆድ ላይ ይከፍታል። ማለዳ እርሻው ላይ የነበረ ሰው በማግሥቱ ከማደንዘዣ ሲነቃ ስሙን እንኳን ሰምቶት የማያውቀውን ነገር ሆዱ ላይ ያገኘዋል። ቀዶ ሕክምናው ድንገተኛ በመሆኑ አስቀድሞ ለማስረዳት ጊዜ አይኖርም። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚሰጠው ምክርና ትምህርት የሕክምናው አካል እንጂ ትርፍ ሥራ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ፊንጢጣ ሳይከፈት መወለድም ከ5 ሺህ ሕፃናት በአንዱ ላይ ገደማ የሚያጋጥም ነው። ለእነዚህ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጊዜያዊ ኮሎስቶሚ ይከፈትላቸዋል፤ ከዚያም ፊንጢጣው ይሠራል፤ በመጨረሻም ስቶማው ይዘጋል። የመካከለኛው ቀዶ ሕክምና ዛሬ ባለው መልኩ የተስፋፋው ፔኛና ዴቭሪስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 ዘዴውን ካሳተሙ በኋላ ነው። ሦስቱ ደረጃዎች በወራት ውስጥ ሊጠናቀቁ የሚችሉ ቢሆኑም የሕፃናት ቀዶ ሐኪም በሌለበት አካባቢ ልጁ ስቶማውን እንደያዘ ዓመታት ሊያልፉት፣ ለትምህርትም ሊደርስ ይችላል። ለወላጆቹ ጊዜያዊ ተብሎ የተነገራቸው ነገር ጊዜያዊ መሆኑ የሚወሰነው በተራ መጠበቂያው ዝርዝር ርዝመት ነው።

በአገሪቱ የዩሮስቶሚ ጉዳይ ሲነሣ ፊስቱላ አብሮ ይነሣል። ምጥ ለቀናት በዘገየባቸው እናቶች ላይ የሚደርሰው ይህ ጉዳት በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና የሚጠገን ነው። ይሁን እንጂ የሽንት ፊኛቸው ጨርሶ የጠፋባቸው ወይም የተደጋገመ ቀዶ ሕክምና ያልፈየደላቸው ጥቂት እናቶች አሉ። ለእነዚህ ሽንት በሆድ በኩል እንዲወጣና በከረጢት እንዲጠራቀም ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የመሠረቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ዘላቂ እንክብካቤ ለሚሹ እንዲህ ላሉ ሴቶች ደስታ መንደርን አቋቁሟል። ከረጢት ማግኘት፣ ንጹህ ውሃና የሚያውቅ ነርስ አጠገብ መኖር ለእነርሱ ከቀዶ ሕክምናው ባልተናነሰ አስፈላጊ በመሆኑ ነበር መንደሩ ያስፈለገው።

እንግዲህ መዝጊያ የሌለው ስቶማ የሚያስከትለው የመጀመሪያው ችግር ውሃ ነው። ትልቁ አንጀት በቀን ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ውሃ ከነጨው ከምግቡ መጥጦ ወደ ሰውነት ይመልሳል። ኢሊዮስቶሚ ያለው ሰው ይህን አገልግሎት ያጣል። ከስቶማው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ መውጣቱ የተለመደ ሲሆን፣ ከአንድ ሊትር ተኩል ካለፈ የሰውነት ድርቀትና የኩላሊት ጉዳት ያሰጋል። ቅጠል ውሃ ሲያጥረው በሩን ይዘጋል፤ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። ብዙዎች የሚሳሳቱት ጥሙን በውሃ ብቻ ለመቁረጥ ሲሞክሩ ነው። ፈሳሽ በብዛት እየወጣ ሳለ ጨው አልባ ውሃ አብዝቶ መጠጣት ከአንጀት ጨው እየሳበ የሚወጣውን ይጨምረዋል። መፍትሔው ለተቅማጥ የሚታዘዘውን ዓይነት ጨውና ስኳር የተመጠኑበት ድብልቅ (ኦ አር ኤስ) መጠጣት ነው፤ ስኳሩ ጨውን፣ ጨውም ውሃን ይዞ ወደ ሰውነት ይገባል። ጨው ባለበት ውሃ ይከተላል የሚለው በቅጠሉ ጠባቂ ሕዋሳት ላይ የታየው ሕግ እዚህም ይሠራል። ጾም የሚጾሙ ኢሊዮስቶሚ ያላቸው ምዕመናን ከምግብና ከመጠጥ የሚታቀቡበትን ሰዓት በተመለከተ ሐኪማቸውን አስቀድመው ማማከር የሚገባቸውም ስለዚሁ ነው። ቆሎ፣ የበቆሎ እሸትና ለውዝ በደንብ ካልታኘኩ ጠባቡን መውጫ ሊዘጉት ይችላሉ።

ሁለተኛው ችግር ቆዳ ነው። ከቀጭኑ አንጀት የሚወጣው ፈሳሽ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ስለያዘ የሆድን ቆዳ ያቃጥላል። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ብራያን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1952 ያስተዋወቁት ዘዴ ለዚህ መላ አስገኝቷል። አንጀቱን እንደ ሸሚዝ እጅጌ ጫፍ ወደ ውጪ ቀልብሶ በመስፋት ከቆዳው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ አፍ ማበጀት ነው። ፈሳሹ ቆዳውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ከረጢቱ ይወርዳል። ከረጢቱ ራሱ የአንዲት ነርስ ሐሳብ ውጤት ነው። ዴንማርካዊቷ ኤሊሴ ሶረንሰን እህታቸው ስቶማ ከተከፈተላት በኋላ ፈሳሹ ይታይብኛል ብላ ከቤት መውጣት በማቆሟ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ቆዳ ላይ የሚጣበቅ፣ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ከረጢት አሰቡ። አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ባለቤት ሐሳቡን ተቀብለው አመረቱት። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራጩት ከረጢቶች የዚያ ልጆች ናቸው።

የከረጢት አቅርቦት በኢትዮጵያና በሌሎች በርካታ ታዳጊ አገሮች ገና ያልተፈታ ጉዳይ ነው። ከረጢት ያጣ ሰው ጨርቅና ፌስታል በሆዱ ላይ ለማሰር ይገደዳል። ፌስታል አይጣበቅም፤ ይንሸራተታል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ጠረኑ ይወጣል። ከዚህ በኋላ የሚከተለው ከለቅሶና ከሠርግ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ፣ በመጨረሻም ከሥራ መቅረት ነው። ስሌቱ ግን አስቸጋሪ አይደለም። በሦስት ቀን አንዴ የሚቀይር ሰው በወር 10፣ በዓመት ወደ 120 ከረጢት ያስፈልገዋል። አንድ ሆስፒታል በዓመት ስንት ስቶማ እንደከፈተና ስንቱን እንደዘጋ ከቀዶ ሕክምና መዝገቡ ስለሚያውቅ ፍጆታውን አስቀድሞ ማስላት ይችላል። ለግዢ ክፍል ከዚህ የቀለለ ትንበያ ማግኘት ያስቸግራል፤ የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ዕቃው በዝርዝሩ ውስጥ እንዲገባ የሚጠይቅ ሰው ነው። ከረጢቱ የሚጣበቅበት ክፍል ቀዳዳ ከስቶማው ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ሰፋ ተደርጎ እንዲቆረጥ ማስተማርም እንዲሁ ወጪ አይጠይቅም። ስቶማው ከተከፈተ በኋላ ባሉት ስድስትና ስምንት ሳምንታት እብጠቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ልኬቱ በየጊዜው መታየት አለበት።

በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የስቶማ ተጠቃሚዎች ማኅበር ከ1993 ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ፣ በጥቅምት ወር የፈረንጆች አቆጣጠር የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ የዓለም የስቶማ ቀንን ሲያከብር ቆይቷል። በኢትዮጵያ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ ሠራተኞች ባሉበት ሁኔታ ሥራቸውን ማከናወን እንዲችሉ አሠሪዎች የሥራ አካባቢውን ተስማሚ የማድረግ ኃላፊነት ተጥሎባቸዋል። ስቶማ ያለበት ሠራተኛ ጉዳቱ በልብሱ ሥር የተሸፈነ በመሆኑ እንዲህ ያለ ድጋፍ ሊያስፈልገው እንደሚችል የሚያስተውል የሥራ ኃላፊ ጥቂት ነው።

የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ስቶማ ያለበት ሰው መጻፍ፣ ማስተማር፣ መንዳት፣ መስክ መውጣት፣ ልጅ መውለድና ማሳደግ ይችላል፤ ከከባድ ሸክም ግን ቢጠበቅ ይመረጣል፤ በስቶማው ዙሪያ የአንጀት ብቅ ማለት ሊያስከትልበት ስለሚችል። ከረጢቱ አንድ ሦስተኛው ሲሞላ ማፍሰስ አለበት፤ ይህም በቀን አራት አምስት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ከውስጥ የሚቆለፍ መጸዳጃ፣ የማይቋረጥ ውሃ ወይም የተሞላ ጀሪካን፣ ክዳን ያለው የቆሻሻ ቅርጫትና ቦርሳ የሚንጠለጠልበት ሚስማር ያስፈልጋል። በስብሰባ መካከል ተነሥቶ ሲወጣ ምክንያቱን እንዲያስረዳ የማይጠየቅበት አሠራር ቢኖር ደግሞ መልካም ነው። በመስክ ጉዞ ላይ ሾፌሩ ሰው በሌለበት ሜዳ ሳይሆን መጸዳጃ ባለበት ከተማ እንዲቆም አስቀድሞ ቢነገረው፣ ትርፍ ከረጢቶቹም ከመኪናው ኋላ በሻንጣ ሥር ሳይሆን ከባለቤቱ እጅ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ማጣበቂያው በሙቀት ይላላልና።